በአዲስ ገብስ ውስጥ ሦስት ቀን፦ ያለ ዶክትሬት የኖርኩበት የመድኃኒት ምርምር

የጡረታ ደብዳቤዬ የመጨረሻ የሥራ መደቤን «ከፍተኛ የምርምር ረዳት» ሲል ይገልጸዋል። ደብዳቤው ልክ ነው። በመድኃኒት ዕፅዋት ምርምር ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ አንድ ቀን እንኳ «ተመራማሪ» ተብዬ አልተጠራሁም፤ እንድባልም አላመለከትኩም። ሥር ቆፍሬአለሁ፣ አድርቄአለሁ፣ መዝኛለሁ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የዕፅዋት ናሙናዎችን በጋዜጣ መካከል አድርቄ፣ የተገኙበትን ቀበሌና ከፍታ በእጄ ጽፌ ለመዝገብ ቤት አስረክቤአለሁ። ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱም «ይታረም» ተብሎ ተመልሶልኝ አያውቅም። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈውን ጥፋት የሠራው ሰነፍ ወይም ዝርክርክ ሰው እንዳልነበረ አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ ነው።

ጽሑፉን ያስጀመረኝ የስንታየሁ ጥያቄ ነው። ስንታየሁ የዳባት ልጅ ናት፤ በደባርቅ ሆስፒታል ፋርማሲስት ሆና ትሠራለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር የመስክ ልምምዷን እኔ ዘንድ ስላደረገች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጋሼ ትለኛለች። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አጭር መልስ ነው የምፈልገው።»

«ጠይቂ።»

«በመድኃኒት ምርምር ለመኖር ዶክትሬት የግድ ነው? አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

«እንግዲህ እኔ መጀመሪያ ዳባት ጤና ጣቢያ ስቀጠር...»

«ይኸው! አውቄዋለሁ!» ብላ ሳቀች። «ከዳባት ተነሥተው ደባርቅ እስኪደርሱ የምዝገባው ቀን ያልፍብኛል።»

አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ ተቀብሏት ነበር። እሷ የምትፈልገው ግን ዲግሪውን ሳይሆን እኔ ጀምሬ የቀረብኝን ሥራ መቀጠል ነበር፤ ለቁንጭር የሚሆን ቅባት ከአንድ ሥር ማውጣት። ቁንጭር በእኛ አገር ፊት ላይ የሚወጣ፣ በጥቃቅን ዝንቦች ንክሻ የሚመጣ፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት የማይደርቅ ቁስል ነው። ዘመናዊው ሕክምና በየቀኑ የሚወጋ የሚያምም መርፌ ነው፤ የደጋ ገበሬ ደግሞ እርሻውን ጥሎ መርፌው እስኪያልቅ ጎንደር መቀመጥ አይችልም። ስንታየሁ በየሳምንቱ እንዲህ ያሉ ፊቶችን በመድኃኒት መስጫው መስኮት ታያለች። ዶክትሬቱ አምስት ዓመት ይወስዳል። ካላስፈለገ እዚሁ ተቀምጣ ብትጀምረው ትመርጣለች።

አጭሩን መልስ አልሰጠኋትም። ረጅሙን ለመስጠት ደግሞ ለአሥራ አንድ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን መናገር ነበረብኝ።

የዳባቱ የመድኃኒት ክፍል አንድ መስኮት፣ ሁለት መደርደሪያና አንድ የእንክብል መቁጠሪያ ሰሌዳ ነበረው። እንክብሉን አምስት አምስት እያደረግሁ በመግፊያው ስለት ወደ ጎን እገፋው ነበር፤ ጣቴ የነካውን ለማንም አልሰጥም። ደመወዙ ለአንድ ላጤ ይበቃ ነበር። ያገሬ ሰው ግን በመድኃኒት ሰጪነቴ ሳይሆን በአባቴ ነበር የሚያውቀኝ። አባቴ በአቅራቢያው ባለ ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ ከድጓው ጎን ሥር መማስም ያውቁ ነበር። ትምህርት ቤት «ሥር ማሽ» እያሉ ያሳደዱኝ ልጆች አድገው መስኮቴ ፊት ሲሰለፉ «ታደለ፣ ዛሬ የምትሰጠን የአባትህን ነው ወይስ የመንግሥትን?» ይሉኝ ነበር። አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ቀርቶ ንግግሩ ብቻ ይከተለኛል።

በውድድር አልፌ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የምርምር መሥሪያ ቤት ስዛወር የተመደብኩት ከዕፅዋት ንጥረ ነገር በሚወጣበት ላቦራቶሪ ነው። ኃላፊዋ እትዬ አስናቀች ይባሉ ነበር። ሥራ የጀመሩት በብርጭቆ አጣቢነት ነው፤ ትምህርታቸው ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሦስት ዳይሬክተሮች ሲመጡና ሲሄዱ እሳቸው በቦታቸው ነበሩ። ኃላፊ ከሆኑ በኋላም የሚጠቀሙበትን ብርጭቆ ሌላ ሰው እንዲያጥብላቸው አይፈቅዱም። ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውሃ፣ አንድ ጊዜ በተጣራ ውሃ ያጥቡና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡታል። ውሃው በመስተዋቱ ላይ እንደ ስስ ጨርቅ ወጥ ሆኖ ከወረደ ንጹሕ ነው፤ ተቆራርጦ ጠብታ ከሠራ ያለ አንድ ቃል ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ሲመዝኑ የሚዛኑን በር ዘግተው፣ እጃቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን መያዝ ለመድሁ፤ ዛሬም ጨው ስመዝን እይዛለሁ።

ደብተራቸው ሦስት ዓምድ ነበረው፦ ያደረግሁት፣ ያየሁት፣ ያልገባኝ። የተሳሳተ ቃል አይፋቅም፤ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ ይሰመርበታል። ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ አድርጌ በሰጠሁ ቀን ደብተሩን መለሱልኝ።

«ዛሬ ሁሉም ነገር ገባህ ማለት ነው?»

«ቀላል ሥራ ነበር፣ እትዬ።»

«እንኳን ደስ አለህ። በል ነገ ከእኔ ወንበር ቁጭ በልና አስተምረኝ።»

ዶክተሮቹ ሥራቸው አልሆን ሲላቸው በእሳቸው በር ላይ መጥተው ቆመው ሲጠይቁ አይ ነበር። አንዲት ዲግሪ የሌላት ሴት፣ ነጭ ካፖርቷን እስከ ላይ ቆልፋ፣ ከውጭ አገር ተምሮ ለመጣ ሰው ማጣሪያ ወረቀት እንዴት እንደሚታጠፍ ታሳያለች። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የሚበልጥ ክብር ያለ አልመሰለኝም።

የመጀመሪያ ዲግሪዬን በማታ ትምህርት እንደጨረስኩ ዳይሬክተሩ አስጠርተው ውጭ አገር እስከ ዶክትሬት የሚያስኬድ የትምህርት ዕድል እንዳለ ነገሩኝ። አንድ ሳምንት ሰጡኝ። በአምስተኛው ቀን እትዬ አስናቀችን ጠየቅኋቸው። ብርጭቆ እያጠቡ ነበር።

«ለእጅህ አያስፈልግህም» አሉኝ። የያዙትን ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አነሡ፤ አዩት፤ አስቀመጡት። «ለአፍህ ግን ያስፈልግሃል።»

እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዤ ወጣሁ። ለዓመታት ለጠየቀኝ ሁሉ «እትዬ አስናቀች አያስፈልግህም ብለውኛል» እያልኩ ኖርኩ። ለዳይሬክተሩ የጻፍኩት ደብዳቤ «በያዝኩት ሥራ ብቀጥል ለመሥሪያ ቤቱ ይበልጥ እጠቅማለሁ» የሚል ነበር። እውነተኛው ምክንያት በዶክተሮች መካከል ያለ ዶክትሬት የሚከበር ሰው መሆን መፈለጌ ነው። ይህም አንድ ዓይነት ምኞት ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው።

ደባርቅ የመስክ ጣቢያ ሲከፈት ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ሁለት ክፍልና አንድ የማድረቂያ ዳስ ነበር። ያገሩ ብርድ ቅጠል በጥላ ለማድረቅ ካዲስ አበባው እጥፍ ቀን ይፈልግ ስለነበር በየጠዋቱ እየመዘንኩ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ብቻ አነሣው ነበር። የቁንጭሩን ሥር ያገኘሁት በዚያ ዘመን ነው። የሥሩን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ቀጥሎ የሚነበበው ምክንያቱን ያስረዳል።

ሥሩን የሚያውቁት መሪጌታ ዕንቁባሕርይ ናቸው፤ የጃናሞራ ሰው። በአባቴ ስም ገብቼ ጠየቅኋቸው፤ የድሮ የዜማ ጓደኛቸው ልጅ መሆኔን ሲሰሙ አንዳች አልደበቁኝም። ያከሟቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ጠርተው አሳዩኝ፤ ጉንጫቸው ላይ ከቁስሉ የቀረው ሳንቲም የምታህል ለስላሳ ምልክት ብቻ ነበር። አቆፋፈሩን፣ አስተጣጠቡን ካሳዩኝ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

«ቆፍረህ ስታበቃ ወዲያው እንዳትፈጨው። ከአዲስ ገብስ ውስጥ ቅበረው፤ ሦስት ቀን ይደር። ቁጣው ይብረድለት።»

«ቁጣ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?»

«ሥር ሲነቀል ይቆጣላ! አንተስ ከቤትህ ጎትተው ቢያወጡህ አትቆጣም?»

«ገብሱ አሮጌ ቢሆንስ?»

«አሮጌ ገብስ ደረቅ ነው። የራሱ ቁጣ ያለበት ሁኖ ሳለ ሌላውን ምን ብሎ ያባብላል?» ብለው ሳቁ።

በዚያን ቀን ከራሳቸው ጎተራ፣ በገብሱ ውስጥ ሦስት ቀኑን የጨረሰ ሥር አንድ ከረጢት ሞልተው ሰጡኝ። ደባርቅ አምጥቼ ንጥረ ነገሩን አወጣሁ፤ አዲስ አበባ ተመረመረ። የቁንጭሩን ተሐዋስያን በመመርመሪያው ሳህን ላይ ገደላቸው፤ በተላጨ የጥንቸል ቆዳ ላይ ሲቀባ መቅላት እንኳ አላስከተለም። እንደዚያ ያለ ውጤት በሥራ ዘመኔ ሁለተኛ አላየሁም።

ከዚያ የአዘገጃጀቱን ዘዴ ጽፌ ለገምጋሚ ጉባኤ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። የጉባኤው አባላት አምስት ነበሩ፤ አምስቱም ዶክተሮች። ከእነሱ አንዱ ለክፋት ሳይሆን ለጨዋታ ብሎ ባየኝ ቁጥር «ታደለ፣ ክታቡንስ ይዘህልን መጣህ?» ይለኝ ነበር። የቀሩት ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ።

ደባርቅ ጣቢያ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሳለ ጻፍኩት። «ሥሩ በኅዳር ይቆፈራል። ይታጠባል። ይከተፋል።» ገብሱ ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። «ቁጣው እንዲበርድ» ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? የምክንያቱን አነጋገር ትቼ የተደረገውን ብቻ መጻፍ እችል ነበር፦ «ሦስት ቀን በአዲስ ገብስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ምክንያቱ አልታወቀም።» ያን ያህል ቀላል ነበር። ግን ጉባኤው ፊት ቆሜ ያ ሰው ቅንድቡን ሲያነሣ ታየኝ። የዳባቱ መስኮት ታየኝ። ከዚያ አእምሮዬ መውጫ ፈለገልኝ፦ ገብስ እርጥበት ይመጥጣል፤ ስለዚህ ነገሩ ማድረቅ ነው፤ ማድረቅ ከሆነ ደግሞ ጥላም ያደርቃል። «በጥላ ይደርቃል» ብዬ ጻፍኩ። በራሴ ደብተር «ያልገባኝ» የሚለውን ዓምድ ባዶ ተውኩት። አልረሳሁትም፤ አልቸኮልኩም። አፈርኩ።

ጉባኤው አጸደቀው። በሰው ላይ ለሚደረገው የመጀመሪያ ሙከራ የሚሆነው ቅባት አዲስ አበባ፣ የእኔን ጽሑፍ እያነበቡ፣ ከአዲስ ሥር ተዘጋጀ። በጥንቸል ላይ ድጋሚ መሞከር ያስፈልግ እንደሆነ ለመወሰን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ላኩልኝ፦ «ዘዴው ከመጀመሪያው ናሙና ጋር አንድ ነው?» «አንድ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ፈቃደኞቹ ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ አንዷ እናንዬ ናት፤ ቤተሰቧ ከተራራው መንደር ከጊች ወርዶ ደባርቅ የሠፈረ፣ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ቁስሉ ከዓይኗ ሥር፣ በግራ ጉንጯ ላይ ነበር። ቅባቱን ከነርሷ ጋር ሆኜ እኔው ቀባኋት። በማግሥቱ መጣች።

«ያቃጥላል» አለችኝ። «መድኃኒት ነውና ያቃጥላል፤ አይደል?»

«ትንሽ ያቃጥላል» አልኳት።

በሥራ ዘመኔ ከተናገርኳቸው ቃላት ሁሉ መልሼ ብውጣቸው የምመኘው እነዚህን ሁለት ነው። በሦስተኛው ቀን የሁሉም ቁስል ዙሪያ ውሃ ቋጠረ፤ ሙከራው ቆመ። በክንድና በአንገት የነበረባቸው ጠባሳ ይዘው ዳኑ። የእናንዬ ጉንጭ ግን ሲድን ቆዳውን ሰብስቦ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ጎትቶ አስቀረው። አባቷ ጣቢያው ድረስ መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አቶ ታደለ፣ ቁንጭሩ እኮ ቢቆይም በራሱ ጊዜ ይለቅ ነበር» አሉኝ። ደህና ዋል ብለውኝ ወጡ።

ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት። እናንዬን ዛሬም ገበያ ላይ አገኛታለሁ። ሁልጊዜም ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት።

አጣሪ ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት ከመሪጌታ ሥር የተረፈኝን ጥቂትና በጥላ ያደረቅሁትን አዲስ ሥር ለየብቻ አውጥቼ በሁለቱ ክንዶቼ ላይ ቀባሁ። ቀኝ ክንዴ ምንም አልሆነም። በግራ ክንዴ፣ የጥላው በተቀባበት፣ ቆዳው በሁለት ቀን ተላጠ። ስለዚህ ኮሚቴው ሲቀመጥ አውቅ ነበር። ጥያቄያቸውን ሲጨርሱ ሰብሳቢው «የሚጨምሩት አለ?» አሉኝ። «የለም» አልኩ።

ውሳኔያቸው፣ የጥፋቱ መንሥኤ ሥራው የዶክትሬት ዲግሪ ባለው ዋና ተመራማሪ አለመመራቱ ነው የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ ዶክትሬት የሌለው ሰው ምርምር እንዳይመራ ደንብ ወጣ። ያ ደንብ በእኔ ዝምታ ላይ የቆመ ነው። ኮሚቴው ያልተማረ አለኝ፤ ያፈረ ከመባል ያልተማረ መባል ቀለለኝና ተቀበልኩ።

እትዬ አስናቀች በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር። ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ ቀዱልኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሦስተኛው ዓምድ ምን ይላል?»

«ባዶ ነው።»

እጃቸውን አዩ። «ሻይህ ቀዘቀዘ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ፤ ስለ ሥራ አንድም ቃል አላነሡም። በሦስተኛው ስሄድ የሄድኩት ለለቅሶ ነበር።

የቀሩት ዓመታት ብዙ የሚነገርላቸው የለም። ከእኔ በዕድሜ የሚያንሱ ዶክተሮች እየመጡ እኔ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ ዋና ተመራማሪ ብለው ፈረሙ። መልካም ሰዎች ነበሩ፤ እጄንም አመስግነዋል። የሥሩ ፋይል ተዘግቶ መዝገብ ቤት ተቀመጠ።

ይህን ሁሉ ለስንታየሁ ስነግራት አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «ክንድዎን ያሳዩኝ» አለች። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጠባሳውን እንደ ባለሙያ፣ ዳርና ዳሩን በጣቷ ተከትላ አየችው።

«ዶክትሬት ቢኖርዎ ኖሮ ይጽፉት ነበር?»

«ይመስለኛል። ዶክተር ሲጽፈው የምርምር ጥያቄ ይባላል። እኔ ብጽፈው ክታብ ይባል ነበር።»

«ይመስልዎታል ወይስ ያውቃሉ?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው እሱንም አናውቅም» አለችኝ። ይቅርታ እንዳላደረገችልኝ ገባኝ፤ ልክም ነበረች። «አሁን ይጻፉት። ዛሬ።»

ጻፍኩ። የተውኩትን መስመር፣ የክንዴን ውጤት፣ ለኮሚቴው የሰጠሁትን የሐሰት መልስ፣ ሁሉንም በሁለት ገጽ አስፍሬ ለመሥሪያ ቤቱ ላክሁ። መልሱ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ መጣ። በተዘጋ የምርምር ፋይል ላይ እርምት ማቅረብ የሚችለው ዋና ተመራማሪ ብቻ እንደሆነ፣ አመልካቹም በዚህ መደብ ላይ ያልነበሩ በመሆናቸው ጥያቄያቸውን ለመቀበል እንደማይቻል በትሕትና ይገልጻል።

ስንታየሁ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«በቃ፤ መልሱ አዎ ነው» አለች። «የግድ ነው። ፋይሉን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጃናሞራ በሚወጣው አይሱዙ አብረን ሄድን፤ ከመንገዱ መጨረሻ በኋላ ያለውን በእግር። መሪጌታ ዕንቁባሕርይ ሰማንያ አልፏቸዋል። አንዱ ልጃቸው ጎንደር ባጃጅ ይነዳል፤ ሌላው ሩቅ አገር ቄስ ነው፤ ሥሩን የተማረ የለም። ፊታቸው ቁጭ ብዬ ያደረግሁትን ነገርኳቸው።

«ሦስት ቀን አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«አዲስ ገብስ አላልኩህም?»

«ብለውኛል፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ?»

«ይስቁብኛል ብዬ አልጻፍኩትም።»

 ከዚያ ፊታቸውን ከእኔ ወደ ስንታየሁ መለሱ። «አንቺ ልጅ፣ በኅዳር ነይ። ገብሱ ሲወቃ። ይህ በወረቀት የሚሰጥ አይደለም፤ ሥሩ መብረዱን የምታውቂው ስትሰብሪው ነው፤ አሰባበሩን እጅሽ ይማራል። አንድ ወር ከተቀመጥሽ ይበቃሻል።»

በመልስ ጉዟችን ስንታየሁ ከደስታዋ ብዛት ዝም ብላ መቀመጥ አቅቷት ነበር። ደባርቅ ስንገባ የዩኒቨርሲቲው መልእክት ስልኳ ላይ ጠበቃት። ምዝገባው በኅዳር መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ኮርስ በዚያው ወር ይሰጣል፤ ያልተገኘ ቦታውን ያጣል። አንድ ወር እንዲታገሷት ጻፈች፤ አይቻልም አሏት። ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲያስተላልፏት ጻፈች፤ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል አሏት።

ሦስት ቀን ከቤቴ አልጠፋችም።

«ብሄድ መሪጌታን አጣለሁ» አለችኝ በሦስተኛው ቀን። «ብቀር ሥሩን አውቀዋለሁ፤ ግን የምጽፈውን የሚያነብ የለም። የትኛው ይሻላል?»

ከሠላሳ ዓመት ሥራ በኋላ ለዚህ ጥያቄ ከእኔ የበለጠ ሊመልስ የሚገባው ሰው አልነበረም። አሰብኩ። ማንም የማይሰማው ዕውቀት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በራሴ አይቼዋለሁ፤ ቀስ በቀስ የሚሰማውን ብቻ እንዲናገር ያደርገዋል። «ሂጂ» አልኳት። ስትሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የመከርኳት ለእሷ ብዬ መሆኑን አምኜ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ግን ለራሴም የመከርኩት ምክር እንደነበረ እጠረጥራለሁ።

በኅዳር ብቻዬን ጃናሞራ ወጣሁ። አውድማው ላይ ገብሱ ተወቅቶ ነበር። መሪጌታ ከበራቸው፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጅቱስ?»

«ትምህርት ገባች፣ መሪጌታ።»

«ስንት ጊዜ ነው?»

«አምስት ዓመት ይላሉ።»

«አምስት!» ብለው ሳቁ። «እኔስ አምስት ዓመት ከየት ላምጣላት?»

«በእሷ ፈንታ እኔ ልማር ብዬ ነው የመጣሁት። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜ አለኝ። የሚሉኝን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ስትጨርስ አስረክባታለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ቢኖር እለምናቸው ነበር።

«ቂም አልያዝኩብህም» አሉኝ። «ነግረኸኛል፤ ይቅር ብዬሃለሁ። የወዳጄም ልጅ ነህ፤ ምሳ ሳትበላ አትሄድም። ይህን ግን አላስተምርህም።»

«ስለምን?»

«አንተ የሰማኸውን ከፍለህ ግማሹን የምታስቀር ሰው ነህ። ይህ መድኃኒት ደግሞ ሲከፈል እሳት ነው።»

ምሳ በላሁ። ስለ አባቴ፣ ስለ ድሮ የዜማ ጓደኞቻቸው አወራን። ስነሣ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙኝ።

ደባርቅ ስደርስ ስልኬ ጠራ፤ ስንታየሁ ናት። ከጀርባዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ እሺ አሉ?»

«አላሉም።»

«ለምን? ምን አሉ?»

ደክሟቸዋል ማለት እችል ነበር። እርጅና ነው ማለት እችል ነበር። ዘንድሮ ሥሩ ደህና አልበቀለም ማለትም እችል ነበር፤ ሁሉም እኩሌታ እውነትነት ነበራቸው። ከበራቸው ከደረስኩበት ጀምሮ የተባባልነውን፣ የመጨረሻውንም ቃል ጨምሬ፣ በቅደም ተከተሉ ነገርኳት።

 ከጀርባዋ አንድ ሰው ተማሪዎቹን ወደ ክፍል ሲጠራ ሰማሁ።

«ልግባ፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ግቢ» አልኳት።